ለድምጽ ግራና ቀኝ የሰጠው መሐንዲስ፦ አለን ብሉምላይን

በሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ድምጽ ማጉያዎችን አቁሞ ፊልም የሚመለከት ሰው፣ መኪና ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ተነሥታ ወደ ቀኝ ስታልፍ ድምጿም አብሯት ሲጓዝ አይደነቅም። ነገሩ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህንን ያስቻለው ሐሳብ ግን በ1931 ለንደን ውስጥ በአንድ የ28 ዓመት መሐንዲስ ተነድፎ፣ ወደ ሰው ቤት እስኪገባ ድረስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የጠበቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሐንዲሱ አለን ዳወር ብሉምላይን ይባላል። ከድምጽ ቀረጻ እስከ ቴሌቪዥን፣ ከስልክ መስመር እስከ ራዳር የሚደርሱ 128 የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች በስሙ ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ ሠርቶ ሲሞት 39 ዓመት አልሞላውም ነበር። አሟሟቱ ከጦርነት ምስጢር ጋር የተያያዘ በመሆኑ በወቅቱ በይፋ አልተነገረም። በዚህም ምክንያት ሥራው በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ሲሰማ፣ ስሙ ከሙያው ሰዎች በቀር ለብዙው ሕዝብ እንግዳ ሆኖ ኖረ።

የበር ደወሉ ሒሳብ

አለን ብሉምላይን ጁን 29 ቀን 1903 በለንደን ከተማ ሃምፕስቴድ በተባለው ሠፈር ተወለደ። አባቱ ሴሚ ብሉምላይን ጀርመን ተወልዶ የብሪታኒያ ዜግነት ያገኘ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ጄሲ ዳወር ደግሞ ለወንጌል ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዘ ስኮትላንዳዊ ሚስዮናዊ ልጅ ነበረች።

ቤተሰቡ ሲያወሳው ከኖረው የልጅነቱ ታሪክ አንዱ የበር ደወል ጉዳይ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ የተበላሸውን የቤታቸውን የኤሌክትሪክ ደወል ጠገነና ለአባቱ የሥራ ዋጋ መጠየቂያ ጽፎ ሰጠ። ከስሙ ሥርም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሚል ማዕረግ አኖረ። አባቱም ሒሳቡን ከፈለው። ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ በንባብ እጅግ ወደኋላ የቀረ ነበር። እኅቱ እንደምታስታውሰው እስከ 12 ዓመቱ ድረስ አጥርቶ ማንበብ አይችልም ነበር። ይህ ሲነሣበት፣ ማንበቡ ባይሆንለትም በዚያ ዕድሜው የሒሳብ ቀመሮችን ይፈታ እንደነበር በመግለጽ ይመልስ ነበር።

አባቱ በ1914 ሞተ። አለን በሃይጌት ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ የኢምፔሪያል ኮሌጅ አካል በሆነው በሲቲ ኤንድ ጊልድስ ኮሌጅ በነጻ የትምህርት ዕድል ገባ። ትምህርቱን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ፣ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመረቀ።

ከስልክ ወደ ሸክላ

የመጀመሪያ ሥራውን በ1924 የጀመረው በኢንተርናሽናል ዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። በዚያ ዘመን ረጃጅም የስልክ ኬብሎች አንድ ትልቅ ችግር ነበረባቸው። በአንዱ መስመር የሚነገረው ወደ ጎረቤቱ መስመር ይሾልክና የሁለት ሰዎች ምስጢር በሌሎች ሁለት ሰዎች ጆሮ ይገባ ነበር። ብሉምላይን ይህን መደበላለቅ የሚቀንስ ዘዴ አበጀ። በዚሁ ኩባንያ ሳለ የሰው ጆሮ የትኛውን ድምጽ አጉልቶ፣ የትኛውን አደብዝዞ እንደሚሰማ ለክቶ ውጤቱን ለድምጽ መለኪያዎች ንድፍ ተጠቀመበት። ሁለቱም ሥራዎች ለወደፊቱ ስንቅ ሆኑት፤ አንደኛው ሁለት ድምጾችን ሳይደባለቁ ማጓጓዝን፣ ሁለተኛው ጆሮን አስቀድሞ ማወቅን አስተምሮታል።

በማርች 1929 ወደ ኮሎምቢያ ግራፎፎን ኩባንያ ተዛወረ። አለቃው ከሩሲያ የመጣው መሐንዲስ አይዛክ ሾንበርግ ነበር። ለብሉምላይን የተሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ የምሕንድስናም የገንዘብም ነበር። በዚያን ጊዜ በኤሌክትሪክ ሸክላ መቅረጫ መሣሪያ ላይ የፈጠራ መብቱን የያዙት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ኮሎምቢያ ሸክላ በሸጠ ቁጥር ይከፍላቸው ነበር። ብሉምላይን የእነርሱን መብት ሳይነካ ሸክላ የሚቀርጽ ሌላ መንገድ እንዲያገኝ ተጠየቀ። እርሱና የሥራ ባልደረቦቹ በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል የሚሠራ መቅረጫ ሠሩ። መሣሪያው ኩባንያውን ከክፍያው ከማላቀቁም በላይ የድምጽ ጥራቱ ከቀድሞው የተሻለ ሆነ። በ1931 ኮሎምቢያ ከግራሞፎን ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኢኤምአይ የተባለው ታላቅ ድርጅት ሲመሠረት፣ ብሉምላይን ከተቋሙ ዋና ዋና ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ።

ባለአንድ ጆሮ ሲኒማ

በዚያው ዓመት፣ ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዶሪን ሌን ጋር ፊልም ሊያይ ሲኒማ ቤት ገባ። ድምጽ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነገር ነበር። ብሉምላይን ግን አንድ ነገር ቅር አሰኘው። ተዋናዩ በሰፊው መጋረጃ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ድምጹ ግን ካለበት ከአንዱ ድምጽ ማጉያ ንቅንቅ አይልም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ተዋናዩ በየት በኩል እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። ብሉምላይን ይህን ጉድለት ለዶሪን አነሣላትና ድምጹ ተዋናዩን እንዲከተል የሚያደርግ መንገድ እንዳገኘ ነገራት።

ድምጽን ለሁለት ጆሮ የማድረስ ሐሳብ ራሱ አዲስ አልነበረም። በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ላይ ክሌማን አዴር የተባለው ፈረንሳዊ፣ ከኦፔራ መድረክ ላይ የተዘረጉ ጥንድ የስልክ መስመሮችን ለጎብኚዎች ሁለት ጆሮ በየግላቸው አድርሶ ነበር። በአሜሪካም የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት በዚያው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ምርምር ያካሂዱ ነበር። የብሉምላይን ልዩነት ጥያቄውን ከሥሩ መጀመሩ ነው። የሰው ጆሮ አቅጣጫን የሚያውቀው በምንድን ነው? ይህስ በድምጽ ማጉያ በኩል ሲያልፍ ምን ይሆናል?

በቀኝ በኩል የተነሣ ድምጽ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይደርሳል። የጊዜው ልዩነት ቢበዛ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ አንጎል ግን ይህን ቅንጣት ታህል ልዩነት አይስተውም። ከዚህም ሌላ ጭንቅላት እንደ ግድግዳ ስለሚከልል፣ በተለይ ቀጭኑ ድምጽ ወደ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው። ስለዚህ አንጎል ሁለት ምስክሮች አሉት፤ አንዱ የመድረሻ ጊዜ፣ ሌላው የጉልበት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ እንቅፋት አለ። ሰው ድምጹን በጆሮ ማዳመጫ ከሰማ ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ ብቻ ይገባል። በክፍል ውስጥ ከቆሙ ሁለት ድምጽ ማጉያዎች ሲያዳምጥ ግን እያንዳንዱ ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል፤ ማይክሮፎኖቹ በጥንቃቄ የያዙት የጊዜ ልዩነትም ይምታታል። ብሉምላይን ያገኘው መፍትሔ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት በኤሌክትሪክ ዑደት ወደ ጉልበት ልዩነት መለወጥ ነው። ሁለቱ ድምጽ ማጉያዎች በጉልበት ብቻ ሲለያዩ፣ በመካከላቸው በተቀመጠው አድማጭ ጆሮ ላይ ያ ተፈጥሯዊ የጊዜ ልዩነት መልሶ ይፈጠራል። ዛሬም ድረስ ዘፋኙ ምንም ድምጽ ማጉያ ከሌለበት ከመካከል የሚዘፍን የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰባ ነጥቦች ያሉት ሰነድ

ብሉምላይን ማመልከቻውን ዲሴምበር 14 ቀን 1931 አስገባ። በ1933 ጸድቆ ቁጥር 394,325 የተሰጠው ይህ ሰነድ 70 የመብት ነጥቦችን የያዘ ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ከማይክሮፎኑ እስከ አድማጩ ያለውን መንገድ በሙሉ ይሸፍናል።

ከነጥቦቹ አንዱ የማይክሮፎን አቀማመጥን ይመለከታል። ፊትና ኋላቸውን ብቻ የሚሰሙ፣ ለጎናቸው ግን ደንቆሮ የሆኑ ሁለት ማይክሮፎኖች በአንድ ቦታ በ90 ዲግሪ ተመሳቅለው ይቆማሉ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በቀረጻ ባለሙያዎች ዘንድ በስሙ ይጠራል። ሌላው ነጥብ ሁለት ድምጾችን በአንድ የሸክላ ቦይ የማስፈር ጥበብ ነው። የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች እርስ በርስ በቀጥተኛ ማዕዘን ተሠርተው አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምጽ ይይዛል፤ አንዲቱ መርፌም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ታነባለች። በሰነዱ ውስጥ ስቴሪዮ የሚለው ቃል የለም፤ እርሱ የሁለት ጆሮ ድምጽ ብሎ ነበር የሚጠራው።

ከዚያ ሙከራው ቀጠለ። በ1933 መጨረሻ በሄይስ በሚገኘው የኢኤምአይ ማዕከል የመጀመሪያዎቹ ባለሁለት መስመር ሸክላዎች ተቀረጹ። በእነዚህ ላይ የሚሰማው የብሉምላይንና የባልደረቦቹ ድምጽ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወሩ ያወራሉ። በጃንዋሪ 1934 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን እየመራ ጁፒተር የተሰኘውን የሞዛርት ሲምፎኒ ሲያለማምድ በዚሁ ዘዴ ተቀረጸ።

በ1935 ደግሞ ወደ መነሻው፣ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ሰዎች በመድረክ ላይ እየተራመዱ ሲነጋገሩ፣ እንዲሁም በሄይስ ጣቢያ ባቡሮች ሲያልፉ የሚያሳዩ አጫጭር የሙከራ ፊልሞች ተሠሩ። አምስት ደቂቃ ያህል በሚረዝመው የባቡር ፊልም ላይ የእንፋሎት ባቡሩ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲገሠግሥ ድምጹም ይከተለዋል። ፊልሙ ተጠብቆ ለዛሬ ደርሷል።

ቴሌቪዥን ቀደመ

ይሁን እንጂ ስቴሪዮ ገበያ አልወጣም። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር፤ ሸክላ ሻጩም ሲኒማ ቤቱም መሣሪያውን በሙሉ ለመቀየር አቅሙ አልነበረውም። ኢኤምአይም ኃይሉን ወደሚበልጥበት ጉዳይ፣ ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። ሾንበርግ የሚመራው ቡድን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሆነ ባለ 405 መስመር ቴሌቪዥን ለመሥራት ሲነሣ፣ ከዋነኞቹ የዑደት ንድፍ አውጪዎች አንዱ ብሉምላይን ነበር። ቢቢሲ መደበኛ ሥርጭቱን ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ከአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት ሲጀምር፣ የጆን ሎጊ ቤርድ ሥርዓትና የኢኤምአይ ሥርዓት በየተራ ይሞከሩ ነበር። በ1937 መጀመሪያ የቤርድ ሥርዓት ቀርቶ የኢኤምአይ ጸደቀ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል ሰልፍ በቴሌቪዥን ታየ።

በዚህ ወቅት የነደፋቸው ዑደቶች ብዙ ናቸው። የሁለት ምልክቶችን ልዩነት ብቻ ለይቶ የሚያጎላው ዑደት በዛሬዎቹ አምፕሊፋየሮች ውስጥ በየቦታው ይገኛል።

ዶሪንን ያገባው በ1933 ነው። እርሷ የሕፃናት አስተማሪ ስትሆን በዕድሜ አምስት ዓመት ታንሰዋለች። ሳይመንና ዴቪድ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ብሉምላይን በትርፍ ጊዜው አውሮፕላን ማብረር ተምሯል፤ ፈረስም ይጋልብ ነበር። ለላቀ አእምሮ ያለው አድናቆት እጅግ የበዛ በመሆኑ ወዳጆቹ ይቀልዱበት ነበር፤ ዶሪንንም ከሠርጓ በፊት ስለዚሁ ጠባዩ ያስጠነቀቋት ነበሩ።

በዋይ ወንዝ ዳር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የኢኤምአይ መሐንዲሶች ወደ ራዳር ሥራ ተዛወሩ። ብሉምላይን በሌሊት የጠላትን አውሮፕላን ለሚፈልጉ ተዋጊ አውሮፕላኖች በተሠራው ራዳር ላይ ከሠራ በኋላ፣ ኤች ቱ ኤስ ወደተባለው ፕሮጀክት ገባ። ይህ መሣሪያ ከአውሮፕላን ወደ ምድር ሞገድ እየላከ፣ ጨለማና ደመና ሳያግደው ወንዙን፣ ጠረፉንና ከተማውን በስክሪን ላይ የሚስል ራዳር ነው።

ጁን 7 ቀን 1942 እሑድ ዕለት ቁጥሩ ቪ 9977 የሆነ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን መሣሪያውን ለመሞከር ከዴፈርድ የአየር ኃይል ጣቢያ ተነሣ። ብሉምላይንና ሁለት የኢኤምአይ ባልደረቦቹ፣ ሴሲል ብራውንና ፍራንክ ብላይዘን፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነበሩ። በበረራ ላይ ሳሉ በቀኝ ክንፍ ጫፍ በኩል ያለው ሞተር በእሳት ተያያዘ፤ አውሮፕላኑ በዌልስና በእንግሊዝ ድንበር አካባቢ በዋይ ወንዝ አቅራቢያ ወደቀ። የነበሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ምርመራው የአደጋውን መነሻ በሞተሩ ውስጥ በአግባቡ ካልጠበቀች አንዲት ብሎን ላይ አገኘው። ብሎኗ ስትላላ አንዱ የሞተር ቫልቭ ተሰበረ፤ እሳቱ የመጣውም ከዚያ ነው።

ያኔ ወጣት የነበረው፣ ኋላ በሬዲዮ ሥነ ፈለክ ምርምሩ የታወቀው በርናርድ ላቭል ከራዳሩ የተረፈውን ለመሰብሰብ ወደ ስፍራው ተላከ። የፕሮጀክቱ ዋና ዋና ሰዎች በአንድ ቀን ቢያልቁም ሥራው አልቆመም። ኤች ቱ ኤስ በጃንዋሪ 1943 መጨረሻ በሃምቡርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ ዋለ። የዚሁ ራዳር ዘመድ የሆነ መሣሪያ ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የጀርመንን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ማደኛ ሆነ።

ዶሪን ግን ከሁለት ሕፃናት ልጆች ጋር ቀረች። የባሏ ሥራ ምስጢር በመሆኑ ሞቱ በጋዜጣ አልተነገረም፤ እንዲህ ላለ ሰው የሚገባው የአደባባይ ኀዘንም አልተደረገለትም። 39ኛ ዓመት ልደቱ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

ሐሳቡ ሳሎን ሲገባ

ከጦርነቱ በኋላ ኢኤምአይ በ1955 የስቴሪዮ ቴፕ መሸጥ ጀመረ። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ በዓለም ገበያ ሲሰራጭ፣ የተመረጠው ያው የ45 ዲግሪ ግድግዳዎች ያሉት ቦይ ነበር። አሜሪካውያን መሐንዲሶች በራሳቸው ጎዳና ወደዚያው ዘዴ ደርሰው ነበር። የብሉምላይን መብት ግን ያኔ ዘመኑ አልፎበታል፤ በዚህ ታላቅ ገበያ ላይ የሚያስከፍለው አንዳች አልነበረም።

ዛሬ በቤቱ ሆም ቴአትር የሚያደራጅ ሰው ሳያውቀው የብሉምላይንን ትምህርት ይከተላል። ሁለቱ የፊት ድምጽ ማጉያዎችና አድማጩ ሦስቱም እኩል እየተራራቁ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ይመከራል። አድማጩ ወደ አንዱ ከተጠጋ የቀረበው ድምጽ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ መካከል ላይ የነበረው ዘፋኝ ወደዚያው ይሳባል። ብዙ ሰው በአንድ ሶፋ ላይ ተደርድሮ ፊልም በሚያይበት ቤት ሁሉም መካከል ሊቀመጥ አይችልም። ከስክሪኑ ሥር ሦስተኛ ድምጽ ማጉያ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፤ የተዋናዩን ንግግር ዳር ላይ ለተቀመጠው ጭምር ከስክሪኑ ላይ ያጸናለታል። ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ሰብዉፈር ግን ቦታው ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ጆሮ እጅግ ወፍራም ድምጽ ከየት እንደመጣ ለመለየት ስለሚቸገር ነው። ድምጽ ማጉያ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጥግ በተጠጋ መጠን ወፍራሙ ድምጽ ይበረታል፤ ስለዚህ የሚያጉረመርም ሳሎን ያለው ሰው አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያለውን ትንሽ ወደፊት ቢያወጣው ለውጡን በጆሮው ያገኘዋል። ይህ ሁሉ ብሉምላይን እንዳደረገው ከመሣሪያው በፊት ጆሮን የማስቀደም ጉዳይ ነው።

ዕውቅናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1977 ይኖርበት በነበረው ኢሊንግ በሚገኘው ቤት ላይ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ። የሕይወት ታሪኩ በመጽሐፍ ተጽፎ ለሕዝብ የቀረበው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1999 እና በ2000 ነው። በ2015 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የስቴሪዮን ፈጠራ የሚያወሳ ሰሌዳ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አኖረ። በ2017 የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ አካዳሚ በቴክኒክ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ሰጠው። ያን ጊዜ ብሉምላይን ካረፈ 75 ዓመት ሊሞላው ነበር።